አፈሙዝ ፈታኙ ቤት፦ የአደን ጠመንጃ ጥገና ሙያ እንዴት ከእጅ ወደ እጅ አለፈ

በ1813 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ፓርላማ በአገሪቱ የሚሠራ የጠመንጃ አፈሙዝ ሁሉ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በባሩድ እንዲፈተን የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ለዚሁ ሥራ በበርሚንግሃም ከተማ የመፈተኛ ቤት እንዲቆም ወሰነ፤ ቤቱ ዛሬም ባንበሪ በሚባለው ጎዳና ላይ አለ፣ ዛሬም ይፈትናል። በዓመቱ በ1814 ያው ፓርላማ ከ1563 ጀምሮ የቆየ ሌላ ሕግ ሻረ። የተሻረው ሕግ ሰባት ዓመት በተለማማጅነት ያላገለገለ ሰው በእጅ ሙያ እንዳይተዳደር የሚከለክል ነበር። ሁለቱ ሕጎች በተለያየ ምክንያት የወጡ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን መንግሥት ባለሙያውን የሚጠይቀው ጥያቄ እንደተለወጠ ያሳያሉ። የቀድሞው ጥያቄ “ማን አስተማረህ? ስንት ዓመትስ አገለገልህ?” የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን “የሠራኸው ብረት ባሩዱን ይችላል ወይ?” ሆነ። የአፈሙዝ ሥራ፣ በተለይም ጥገናው፣ እስከ ዛሬ ከባለሙያ አጠገብ ቆሞ በእጅ የሚለመድ ሙያ ሆኖ የቆየው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ምክንያት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ብዙ ሰው የእጅ ሙያን ያቆየው የማኅበርና የተለማማጅነት ሥርዓት ነው ብሎ ስለሚያምን ነገሩ ማስረጃ ይፈልጋል።

አስቀድሞ ሥራው ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። አፈሙዝ ከሩቅ ሲያዩት የብረት ቧንቧ ነው። ነገር ግን ለወፍ አደን የሚያገለግለው፣ በአንድ ጥይት ፋንታ ትናንሽ የእርሳስ ፍሬዎች የሚበትነው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ከጦር መሣሪያ በእጅጉ የሳሳ ነው። አዳኙ ቀኑን ሙሉ ይዞት ስለሚዞርና ወፏ ስትነሣ በቅጽበት ወደ ትከሻው ስለሚያነሣው ክብደቱ መቀነስ አለበት፤ ክብደቱም የሚቀነሰው በአብዛኛው ከአፈሙዙ ነው። በተለመደው 12 ቁጥር ጠመንጃ (ቁጥሩ የአፈሙዙን ስፋት የሚያህሉ ስንት ድቡልቡል ጥይቶች ከአንድ ፓውንድ እርሳስ እንደሚወጡ ያመለክታል) የውስጥ ስፋቱ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የግድግዳው ውፍረት ግን ባሩዱ ከሚነድበት ከኋላው እየራቀ ሲሄድ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል። የእንግሊዝ ጠጋኞች “ከዚህ በታች አትውረድ” የሚሉት ልክ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ የሳሳ ብረት የመኪና በር ሲዘጋበት ወይም ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ይሰረጉዳል። ጠጋኙ በልኩ የተሰናዳ የናስ ወይም የብረት ሽብልቅ ከውስጥ ያስገባና ከላይ በቀላል መዶሻ እየነካካ ብረቱን ወደ ቦታው ይመልሳል። ምቱ ከበዛ ብረቱ ይለጠጣል፣ ያብጣል። እብጠት ከስርጉድ የከፋ ጉዳት ነው፤ የሰረጎደው ብረት ስፍራውን ብቻ ነው የለቀቀው፣ ያበጠው ግን ሳስቷል። ምቱ መቼ እንደበቃ የሚያውቀው ደግሞ ዓይን ነው። አፈሙዙን ወደ መስኮት አቅንተው በውስጡ ሲመለከቱ በተወለወለው ግድግዳ ላይ የብርሃንና የጥላ ቀለበቶች ይታያሉ፤ ቀለበቱ ክብነቱን ካጣ ወይም የጥላው መስመር ከተሰበረ ብረቱ ገና አልቀናም። በበርሚንግሃም ይህ ማቅናት ብቻውን የአንድ ሰው መተዳደሪያ ነበር። ጆሮም ሥራ አለው። ሁለቱን አፈሙዞች ከላይና ከታች የሚያያይዙት ቀጫጭን ዘንጎች በስታኞ የተበየዱ ናቸው፤ ጥንዱን አንጠልጥለው መታ ሲያደርጉት እንደ ደወል ጥርት ብሎ ከጮኸ ብየዳው ደህና ነው፣ ድምፁ ከታፈነ ወይም ከነዘረ የሆነ ቦታ ለቅቋል ማለት ነው። ያንን ለመበየድ የሚሰጠው ሙቀት ደግሞ ከኋላ በናስ የተበየደውን መጋጠሚያ መንካት የለበትም። ማጥቆሩ እንኳ የራሱ ጣጣ አለው። ዛሬ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የፈላ ኬሚካል ስታኞውን ይበላዋል፤ ስለዚህ አፈሙዙን ደጋግሞ በቀስታ ማዛገት፣ መቀቀልና መቦረሽ ያስፈልጋል፣ ይህም ቀናት ይፈጃል።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ሊሰፍር ይችላል፤ ሰፍሯልም። የበርሚንግሃሙ ጠመንጃ ሠሪ ዊሊያም ዌሊንግተን ግሪነር በ1881 ባሳተመው ሰፊ መጽሐፉ የሙያውን እያንዳንዱን ደረጃ በሥዕል ጭምር ገልጿል። መጽሐፉን አንብቦ ስርጉድ ያቀና ሰው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ። ይህ ለሸማኔም ለሸክላ ሠሪም የሚሠራ እውነት ስለሆነ ብዙ ልቆይበት አልፈልግም። የአፈሙዝን ጥገና ከሌሎቹ የሚለየው ሌላ ነገር ነው፤ ብልሹ ሥራና ጥሩ ሥራ በዓይን አይለዩም። የተንጋደደ ቅርጫት ገበያ ላይ ይታያል። ውስጡን ዝገት የበላው አፈሙዝ ግን ጠጋኙ ሞርዶና ፍቆ ሲያንጸባርቀው ከቀድሞው ያማረ ይመስላል። ባለቤቱ ደስ ብሎት ይከፍላል፤ ከግድግዳው የተነሣውን ብረት አያየውም። ችግሩ ተማሪው ዘንድም ይደርሳል። መምህሩ የሚያስተምረው ሙያ ይሁን ማስዋብ ተማሪው በምን ያውቃል? ሰባት ዓመት ከአጭበርባሪ አጠገብ የቆመ ልጅ ፍጹም አጭበርባሪ ሆኖ ይወጣል፤ ደንበኛው ተደስቶ ሲሄድ ያየ ልጅ ደግሞ ማጭበርበሩንም ላያውቀው ይችላል።

ከ1813 በፊት የነበረው ታሪክ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ለንደን ውስጥ የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 ከንጉሡ ቻርተር አግኝቶ በከተማይቱና በአካባቢዋ የሚሠራውን አፈሙዝ ይፈትን ነበር። ተለማማጁም ጊዜውን ሲጨርስ የራሱን ምልክት ለመምታት የሚፈቀድለት በእጁ የሠራውን መሣሪያ ለማኅበሩ አቅርቦ ካስመሰከረ በኋላ ነበር። በርሚንግሃም ግን የሙያ ማኅበር የማይገዛት ከተማ ነበረች። ትልልቆቹ ሠሪዎች የግል መፈተኛ ነበራቸው፤ የቀረው እንደ ሕሊናው ይሠራ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተማይቱ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የምትልከው ጠመንጃ እጅግ ብዙ ነበር፤ አብዛኛውም በባሪያ ንግድ መለዋወጫ ሆኖ የሚሄድ ርካሽ ዕቃ ነው። በ1760ዎቹ ከተማይቱን የጎበኘው እንግሊዛዊ ፖለቲከኛ ሎርድ ሼልበርን ከእነዚህ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ በሚተኩሳቸው ሰው እጅ ላይ እንደሚፈነዱ በሐዘኔታ ጽፏል። እነዚህን የሠሩት እጆች ያልተማሩ አልነበሩም። ያው ሠራተኛ፣ በዚያው ምድጃ፣ ለእንግሊዝ ባላባት የማይነቀፍ አፈሙዝ ይሠራ ነበር። ልዩነቱ ገዢው ነው፤ ባላባቱ ተመልሶ መጥቶ ይጠይቃል፣ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ጣቱ የተቆረጠው ሰው ግን በርሚንግሃም ድረስ አይመጣም። ጠያቂ ከሌለ ሥልጠና ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

ብርቱ ተቃውሞ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ከ1814 በኋላም ተለማማጅነት አልጠፋም፤ ሕጉ ቢሻርም ልማዱ ቀጥሏል። ታዲያ ሙያውን ያቆየው ልማዱ ነው እንጂ መፈተኛው ቤት አይደለም ሊባል ይችላል። ልማዱ መቀጠሉ እውነት ነው። በ1866 ጆን ጉድማን ስለ በርሚንግሃም የጠመንጃ ሥራ የጻፈው ዘገባ ሥራው ስንት ቦታ ተከፋፍሎ እንደነበር ያሳያል። አፈሙዝ የሚበይደው፣ የሚሰረስረው፣ የሚስለው፣ የሚሞርደው፣ ዘንጉን የሚያያይዘው የተለያየ ሰው ነበር፤ ያላለቀውን ሥራ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያመላልሱትም ልጆች ነበሩ። ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ከብቦ፣ በስቲልሃውስ፣ በዊማንና በላቭዴይ ጎዳናዎች የተጨናነቀው ሰፈር በጠቅላላው አንድ የተበታተነ ፋብሪካ ነበር ማለት ይቻላል። ልማዱ ለምን ቀጠለ ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱ ወደ ባንበሪ ጎዳና ይመልሰናል። አፈሙዝ ሠሪው ሥራውን ለዘንግ አያያዡ ከማስረከቡ በፊት ጥሬው ቧንቧ አንድ ጊዜ ይፈተናል፤ ይህ ቅድመ ፈተና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የደንቡ አካል ሆነ። ቧንቧው ከፈነዳ ኪሳራው የሠሪው ነው፤ በሌላው ላይ ማሳበብ አይቻልም። እንዲህ ያለ ዳኛ ባለበት አለቃው ልጁን በሚገባ የሚያስተምረው ለነፍሱ ብሎ ሳይሆን ለኪሱ ብሎ ነው። ማስገደዱ የማይደርስበት ቦታ ላይ ልማዱ ብቻውን ምን እንዳፈራ ደግሞ የአፍሪካው ንግድ አሳይቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፈተናው ራሱ ሻካራ ነው የሚል ነው። ከተለመደው ግፊት ሲሶ ያህል የሚበልጥ ጉልበት ያለው ጥይት ተተኩሶ አፈሙዙ ካልተሰነጠቀ ምልክቱ ይመታበታል። ይህ ስለ ሙያ ምን ይነግረናል? ደካማ ሥራም አንድ ቀን ሊቋቋም ይችላል። ነገሩ ግን በተኩስ ብቻ አያበቃም። ከተኩሱ በኋላ አፈሙዙን በእጁ ይዞ የሚመረምር፣ ጥላውን የሚያይ፣ ስፋቱን የሚለካ ሰው አለ። የለንደን መፈተኛ ቤት ከድሮ ጀምሮ ለተኩሱና ለምርመራው ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ይመታ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። መርማሪው ራሱ ዓይኑን ያሠለጠነው በዚያው በእጅ ልምድ ነው፤ በአለቃና በተማሪ መካከል ባለው ዝምድና ግን አይታሰርም። ፈተናው የማይደርስበት ነገር መኖሩን አልክድም። የእንግሊዝ ሕግ የግድግዳውን ዝቅተኛ ውፍረት አይወስንም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያልኩት ልክ የባለሙያዎች ስምምነት ነው። እንደ ግሪነር ያሉ ሠሪዎች ከ1870ዎቹ ጀምሮ አፈሙዙን ጫፉ ላይ በጥቂቱ አጥብበው ፍሬዎቹ ሳይበተኑ ሩቅ እንዲደርሱ ሲያደርጉም አተኳኮሱ ማማሩን መፈተኛ ቤቱ አልጠየቀም። ሥራው አደገኛ መሆን አለመሆኑን ሕጉ ይዳኛል፣ ማማሩን ገበያው ይዳኛል። የሚጎዳው አደገኛው ስለሆነ ክፍፍሉ ትክክል ይመስለኛል።

ጥገና ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ የራሱን ችግር ይጨምራል። አዲስ የሚሠራ ሰው የብረቱን ጠባይ ያውቃል፤ ጠጋኙ ግን ከእሱ በፊት ስንት ሰው እንደነካው የማያውቀው መቶ ዓመት የሞላው ዕቃ ይቀርብለታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ስም የተቀረጸባቸው ብዙ ጠመንጃዎች አፈሙዛቸው ከቤልጂየም፣ ከሊዬዥ አጠገብ ካለው የቬስድር ሸለቆ የመጣ ነበር። እነዚህ የደማስቆ አፈሙዝ የሚባሉት ናቸው፤ የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች ተጠማዘው፣ በዘንግ ላይ እንደ ጥምጥም ተጠቅልለው፣ በመዶሻ ተበይደው የሚሠሩ፣ ሲጨረሱ በላያቸው ላይ የሚያምር ጥለት የሚወጣ። የሊዬዥም የአፈሙዝ ፈተና ከ1672 ጀምሮ ከተማይቱን ይገዛ በነበረው ልዑል ጳጳስ አዋጅ የቆመ ነው፤ የሸለቆው አፈሙዝ በርሚንግሃም ድረስ ተፈላጊ የሆነው ሁለቱም አገሮች በፈተና ስለሚያምኑ ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን አሮጌ አፈሙዝ የያዘ ጠጋኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ማንበብ ነው። ከተመቱበት ምልክቶች አንዱ ሲፈተን የነበረውን የውስጥ ስፋት ይነግረዋል። ከኋላ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ገብቶ ዛሬ ያለውን ስፋት ይለካል። ልዩነቱ እንደየዘመኑ ደንብ ከሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ወይም ሩብ ካለፈ ቀድሞ የጠገነው ሰው ብዙ ፍቆለታል ማለት ነው፤ በእንግሊዝ የ1868ቱ የአፈሙዝ ፈተና ሕግ እንዲህ ያለ ጠመንጃ እንደገና ሳይፈተን እንዳይሸጥ ይከለክላል። ለተማሪ ይህች ልኬት ከማንኛውም ስብከት ትበልጣለች። መፋቅ የሚቻለውን መጠን ያወቀ ልጅ ጥገና ማለት ብዙ ጊዜ አለመንካት መሆኑን ቀስ በቀስ ይረዳል። የባሰበት አፈሙዝ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በተስፋፋ ዘዴ ይድናል፤ የኋላው ክፍል ብቻ ቀርቶ ፊቱ ተቆርጦ በአዲስ ቧንቧ ይተካል። ከዚያ እንደ አዲስ ይፈተናል፣ መተካቱን የሚገልጽ ቃልም ላዩ ላይ ይታተማል፤ ለመደበቅ የሚያመች ሥራ በግልጽ እንዲነገር ግዴታ ሆነ።

በ1868 ስለወጣ ሕግ ሲነሣ የኛ አንባቢ የዚያን ዓመት ሌላ ታሪክ ማሰቡ አይቀርም። መቅደላ የደረሱት የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ወታደሮች የያዙት ስናድር በአመዛኙ አዲስ መሣሪያ አልነበረም፤ ከአፍ የሚጎረሰው የኤንፊልድ ጠመንጃ የኋላው ተቆርጦ፣ አሮጌው አፈሙዝ እንዳለ ቀርቶ፣ ከኋላ የሚጎረስበት መዝጊያ ተገጥሞለት የተለወጠ ነበር። በወዲያኛው ወገን በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የማያውቁ የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያንን መድፍ አስቀልጠዋል፤ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ልፋት ውጤት ነው። የጋፋት ሰዎች ሙያውን የተማሩት እየሳቱና እየደገሙ ነው፤ በእጅ መማር ከተባለ ከዚህ በላይ የለም። ፈታኙም ነበር፦ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው። ነገር ግን ፈታኙ አንድ ሰው ነበርና እሳቸው ሲያልፉ ሙያውም ተበተነ። ይህን የምለው የጋፋትን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም፤ በርሚንግሃምን ያቆያት የሠሪዎቿ ልዩ ብልሃት ነው የሚለውን አስተሳሰብ ስለምጠራጠር ነው።

የትምህርት ቤቶች ታሪክ ለክርክሬ ይበልጥ ያስቸግራል። የኦስትሪያዋ ትንሽ የጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ ፌርላህ በ1878 የሙያ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ አፈሙዝን አስገድዶ የሚያስፈትነው የአገሪቱ ሕግ የወጣው ግን በ1891 ነው። እዚያ መምህሩ ከፈታኙ ቀደመ። ሊዬዥም በ1897 የራሷን የጠመንጃ ሥራ ትምህርት ቤት አቆመች፤ ሁለቱም ከተሞች ዛሬም ተማሪ ሞርሳ ፊት አቁመው ሞረድ ያስይዛሉ። ታዲያ መንግሥት በስተኋላ ወደ ድሮው ጥያቄ፣ “ማን አስተማረህ?” ወደሚለው ተመለሰ ማለት አይደለም? በከፊል ነው። ልዩነቱ ግን ዲፕሎማው ለአፈሙዙ የሚያተርፍለት ነገር አለመኖሩ ነው። የፌርላህ ተመራቂ በከፍተኛ ማዕረግ ቢወጣም የጠገነው አፈሙዝ እንደማንኛውም ሰው ሥራ ይፈተናል። በ1914 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የጠመንጃ ፈተና ኮሚሽን አባል አገሮቹ አንዱ የሌላውን የፈተና ምልክት እንዲቀበል አድርጓል፤ የአንዱን አገር የትምህርት ማስረጃ ሌላው እንዲቀበል ግን አላለም። ብሪታንያም በ1980 ገብታበታለች።

አሜሪካ ደግሞ ከሁሉም የተለየች ናት። እዚያ አፈሙዝ እንዲፈተን የሚያስገድድ የመንግሥት ሕግ የለም፤ ፋብሪካዎቹ በ1926 ባቋቋሙት ማኅበር በፈቃዳቸው የሚከተሉት ልክ ነው ያለው። የጠመንጃ ጥገና ትምህርት ግን በደንብ አለ፤ በኮሎራዶ የትሪኒዳድ ኮሌጅ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተመለሱ ወታደሮች ዘመን፣ በ1947፣ የጀመረው ሥልጠና እስከ ዛሬ ይታወቃል። ይህ ክርክሬን ያፈርሰዋል? እኔ እንደማየው ሌላ መንገድ ነው የያዘው። የአሜሪካ ዋና የአደን ጠመንጃ፣ ለምሳሌ በ1950 የወጣው ሬሚንግተን 870፣ አንድ አፈሙዝ ያለው፣ ያም አፈሙዝ በደቂቃዎች ተፈትቶ በሌላ የሚቀየር ነው። የሰረጎደውን ማቅናት ትርፍ የለውም፤ አዲስ ይገዛል። የፈተናው ኃላፊነት ለፋብሪካው ቀረ፣ ሙያውም ወደ ፋብሪካው ሄደ። ጥንድ ሆኖ የተበየደ አፈሙዝ፣ ቢቆረጥ ጠመንጃው ሁሉ ዋጋ የሚያጣበት፣ በብዛት የሚጠገነው አሁንም መፈተኛ ቤት ባለበት አገር ነው። ዋጋውም አስተዋጽኦ እንዳለው ግልጽ ነው፤ የበሬ ዋጋ ያወጣ ዕቃ ይጠገናል፣ የዶሮ ዋጋ ያወጣ ይጣላል።

በርሚንግሃም ውስጥ የሙያው ሰፈር በ1960ዎቹ የከተማው የቀለበት መንገድ ሲሠራ ብዙው ፈርሷል። መፈተኛ ቤቱ ከሰፈሩ ውጭ ስለነበር ተረፈ። ዛሬ የሚያስጨንቀው የመንገድ ቅየሳ ሳይሆን የጥይቱ ዓይነት ነው። እርሳስ ወፎችንና ውኃን ስለሚመርዝ ዴንማርክ በ1996 የእርሳስ ፍሬ ለአደን እንዳይውል ከልክላለች፤ የብሪታንያ መንግሥትም በ2025 አብዛኛውን አጠቃቀም በሽግግር ጊዜ እንደሚያስቀር አስታውቋል። በምትኩ የሚመጣው የብረት ፍሬ ጠንካራ ነው፤ ጫፉ በጠበበ አሮጌ አፈሙዝ ሲያልፍ እንደ እርሳስ አይጨመቅለትም። ስለዚህ ጠጋኞች የብዙ አሮጌ ጠመንጃዎችን ጫፍ በጥንቃቄ እያሰፉ ነው። ለጠንካራው የብረት ፍሬ ጥይት ተፈትኖ ያለፈ አፈሙዝ ደግሞ የአበባ ቅርጽ ያለው የተለየ ምልክት ይመታበታል። መቶ ዓመት ከሞላቸው ጥንድ አፈሙዞች ስንቱ ያንን ምልክት መሸከም እንደሚችል፣ ስንቱስ ለግድግዳ ጌጥ እንደሚቀር፣ በአሁኑ ጊዜ አለቆችና ተማሪዎቻቸው በየሞርሳው ፊት በልኬት እየወሰኑት ያሉት ጥያቄ ነው።